ከደጅ ውጭ የሚጠየቅ ጥያቄ

ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ ቦንጋ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ሸኙኝ። ጋቢ አለበሱኝ፤ በመስታወት ፍሬም የገባ የምስጋና ወረቀትም ሰጡኝ። ንግግር ያደረገው አዲሱ ኃላፊያችን ነበር፤ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎበዝ ወጣት ነው። “ጋሽ ታምሩ በሥራ ዘመናቸው አንድም ጎዶሎ ቅጽ አስረክበው አያውቁም” አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ።

ልጁ አልዋሸም። ያንገበገበኝም አለመዋሸቱ ነው። በእርግጥም ጎዶሎ ቅጽ አስረክቤ አላውቅም። አንዲት ሴት የሞተችበት ቅጽ አለ፤ እሱም ሙሉ ነበር። አንድ ቦታ እንኳ ባዶ አልተገኘበትም። ጋቢዬን ለብሼ ቤቴ ስገባ ሚስቴ “ደስ አላለህም እንዴ?” አለችኝ። ጋቢው ይሞቃል አልኳት።

የተወለድኩት ሺሺንዳ ነው። ጅማ ነርስነት ተምሬ ወደ ከፋ ስመለስ ካፊኖኖ የምናገር፣ አገሩን የማውቅ፣ መንገዱ የማያደክመኝ ወጣት ነበርኩ፤ ስለዚህ ማንም መሄድ ወደማይፈልግበት ጤና ጣቢያ ሁሉ እኔን ይልኩኝ ነበር። አለቆች ተፈራርቀውብኛል። አንዱ ስብሰባ ሲጠራ ብቻ ነፍሱ የሚመለስለት ሰው ነበር። ሌላው የመድኃኒት መጋዘኑን ቁልፍ ይዞ ለቅሶ ይሄድና በሽተኛ ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር። ስለ ደመወዜ ብዙ አልናገርም፤ እሱም ስለ እኔ ብዙ ተናግሮ አያውቅም።

የሥራ ዘመኔን ግማሽ የበላው ወባ ነው። በተለይ አንደኛው ዓይነት፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው። ትኩሳቱን በሦስት ቀን መድኃኒት ታበርደዋለህ፤ ሰውየው አመስግኖህ ይሄዳል፤ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ትንኝ ሳትነክሰው ያው በሽታ ይነሳበትና ተንቀጥቅጦ ይመጣል። ጉበት ውስጥ ያለውን የሚያጠፋ ክኒን አለ፤ ግን አሥራ አራት ቀን ይዋጣል። ገበሬ በአራተኛው ቀን ሲሻለው የቀረውን ክኒን ጣሪያ ላይ ሰክቶ ለሚቀጥለው ሕመም ያስቀምጠዋል። እኔም ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር።

የመድኃኒት ሙከራው የመጣው ለዚህ ነበር። ያንኑ ክኒን የቀን መጠኑን ከፍ አድርጎ በሰባት ቀን መጨረስ ይቻል እንደሆነ ለማየት ነው። የተሳታፊው ግማሽ በዕጣ ሰባት ቀን፣ ግማሹ አሥራ አራት ቀን ይወስዳል፤ እኛ በየቀኑ በየቤቱ እየሄድን እያየን እናስውጣለን፤ ከዚያ ወባው ተመልሶ እንደሆነ ለወራት እንከታተላለን። ከጎጀብ ወንዝ በላይ ያሉ ቀበሌዎች ተመረጡ። የመስክ ቡድኑ መሪ ሆነው የመጡት ሲስተር አስካለ ነበሩ፤ እኔ ረዳታቸው ሆንኩ።

ሲስተር አስካለ የደሴ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ተመድበው ከፋ መጡ፣ ይዛወራሉ ሲባሉ አልተዛወሩም፣ እዚሁ ቀሩ። ካፊኖኖ ይናገራሉ፤ ግን በወሎ ዜማ ነው የሚናገሩት። ሰው በሰማቸው ቁጥር ይስቃል፤ ስቆ ሲጨርስ ደግሞ ለእኔ የማይነግረኝን ሁሉ ለእሳቸው ይነግራቸዋል። ይሄ መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። የአገሩ ልጅ እኔ ነኛ!

የእሳቸውን አሠራር እስከዛሬ በዓይኔ አየዋለሁ። ደም ለመውሰድ የቀለበት ጣትን ጎን ይመርጣሉ፤ መሐሉን አይነኩም፣ “ነገ መቆፈሪያ የሚይዝበት ጣት ነው” ይላሉ። የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ ጠርገው ሁለተኛዋን ይወስዳሉ። ክኒኑን ባዶ ሆድ አይሰጡም፤ ቆጮ ካልተቀመሰ ቦርሳው አይከፈትም። ተሳታፊው ከዋጠ በኋላ ስለ ንቡ፣ ስለ ጥጃው፣ ስለ ልጁ ትምህርት አንድ ሁለት ነገር ያናግሩታል። ወሬ የወደዱ ይመስላል። ክኒን ምላሱ ስር የደበቀ ሰው ደህና አድርጎ መናገር እንደማይችል የገባኝ በኋላ ነው።

ስምምነት ሲጠይቁም እንደ እኔ አያሳምሩትም ነበር። አንድ ሽማግሌ “ልትሞክሩብን ነው?” ብለው ሲጠይቋቸው ትዝ ይለኛል።

“አዎን አባቴ፣ ልንሞክር ነው” አሏቸው ሲስተር። “የምናውቀውን ነግሬዎታለሁ። የማናውቀው ነገር አለ፤ እሱን ለማወቅ ነው የመጣነው። እምቢ ቢሉ የተለመደውን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ማንም አይቀየምዎትም። አሁን እኔ ያልኩትን እርስዎ ይንገሩኝ።”

ሽማግሌው የተባሉትን ሁሉ መልሰው ሲነግሯቸው ነው የአሻራ ቀለሙን የሚያወጡት። ቅጹ መጨረሻ ላይ “የጥናቱን ውጤት ተመልሰን እንነግራችኋለን” የሚል አለ። ሲስተር እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር።

የዚያ መድኃኒት ትልቁ አደጋ ደም ነው። በተፈጥሮ ደማቸው ይህን ክኒን የማይችል ሰዎች አሉ፤ ቀይ ደማቸው ይፈርስና ሽንታቸው ይጠቁራል፤ በጊዜ ካልቆመ ይገድላል። ከመጀመራችን በፊት በጣት ደም የሚሠራ ምርመራ ነበረን። ምርመራው ወንዶቹን በደንብ ይለያል፤ ከሴቶቹ ግን አንዳንዴ የደም ችግሯ መካከለኛ የሆነችውን ደህና ናት ብሎ ያሳልፋታል። ስለዚህ የቀረው ጠባቂ ጥያቄ ብቻ ነበር። በየቀኑ፣ ለእያንዳንዱ ሰው፣ “ሽንትህ ጠቁሯል ወይ?”

አሁን ይሄንን ጥያቄ እንግዳ ሆነህ በገባህበት ቤት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አማት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አንዲትን ምራት ጠይቃት እስቲ። ሲስተር አስካለ ቤት ውስጥ ጠይቀው አያውቁም። ይቀመጣሉ፣ የቀረበውን ይቀምሳሉ፣ ክኒኑን ያስውጣሉ፣ ይነሳሉ። በአገራችን እንግዳ ሲነሳ ይሸኛል፤ ሲስተርም በሽተኛዋን “ነይ ሸኚኝ” ይሏታል። አጥሩን አልፈው እንሰቱ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ጫማቸውን የሚያስሩ ይመስል ጎንበስ ይሉና ከቦርሳቸው ሦስት ትናንሽ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጦች ያወጣሉ። አንደኛው ውስጥ ውኃ የሚመስል ቀጭን ሻይ፣ ሁለተኛው ውስጥ ቀላ ያለ ሻይ፣ ሦስተኛው ውስጥ ብዙ የፈላ ጥቁር ሻይ አለ። “ዛሬ ጠዋት የትኛውን ይመስል ነበር?” ይላሉ። ሴትየዋ አፏን ሳትከፍት በጣቷ ትነካለች። አለቀ።

ጠዋት ጠዋት ሻዩን ቤታቸው ያፈሉት ነበር። እኔ አሾፍባቸው ነበር፤ “ሲስተር፣ ለእኛም አንድ ብርጭቆ” እያልኩ።

ከአዲስ አበባ በየወሩ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሥራው የሞላነውን ወረቀት ማየት ነው፤ ሰው አያይም። አንድ ቀን ቦርሳችንን ሲፈትሽ ብልቃጦቹን አገኘ።

“ይሄ ምንድን ነው ሲስተር?”

“የሽንት ቀለም መጠየቂያ ነው።”

“የጥናቱ ፕሮቶኮል ላይ የለም።”

“አዎ፣ ሻይ ነው፤ ፕሮቶኮሉ ላይ የለም” አሉ ሲስተር። “ሰው ቀለም በአፉ ለመንገር ያፍራል፤ በጣቱ ግን ይነግርሃል።”

“ቅጹ የሚለው ‘አለ’ ወይም ‘የለም’ ነው። ያልጸደቀ መሣሪያ መጠቀም ግኝቱን ያበላሻል፣ ሲስተር። እንደ ጥሰት ነው የምመዘግበው።”

ሲስተር “መዝግብ” አሉት። መዘገበ። በሚቀጥለውም ወር መጥቶ መዘገበ። በሦስተኛው ወር ግን የሲስተር የጡረታ ደብዳቤ ደረሰና ጥሰቱም አብሮ ጡረታ ወጣ። ሲሰናበቱኝ ሦስቱን ብልቃጦች በጥጥ ጠቅልለው መዳፌ ውስጥ አስቀመጡልኝ። “ሻዩን በየጠዋቱ ቀይረው፤ ሲያድር ይጠቁራል” አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ቢሮ ገብቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

እውነቱን ልናገር፤ ቡድን መሪ መሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ተቆጣጣሪው ሲመጣ የእኔን ቅጾች ገልብጦ “ታምሩ ጋ ጥያቄ የለም” ይልና በጊዜ ወደ ምሳ ይሄዳል። ስሜ አዲስ አበባ ድረስ በጥሩ ይነሳል አሉኝ። እኔም ካፊኖኖ የአፍ መፍቻዬ ነው፣ ሻይ ይዞ መዞር ምን ያደርግልኛል አልኩ። የአገሩ ልጅ ነኝ። ጥያቄዬን በቋንቋዬ ጠይቄ መልሴን ይዤ እሄዳለሁ።

አበበች የምትባል ሴት በሰባት ቀኑ ምድብ ገባች። ባሏ ሻይ ልማት ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል፣ ቤት የሚመጣው ለእሑድ ነው። የምትኖረው ከባሏ አባት ከአቶ አዴሎ ጋር ነው። አቶ አዴሎ የተከበሩ ንብ አርቢ ናቸው፤ በሙከራው እንድትገባ የመከሯትም እሳቸው ናቸው። “በየወሩ ከምትንቀጠቀጥ ይሻላል” አሉኝ። የደም ምርመራዋ ደህና አለ። እርግዝና የለም። ሁሉም ቦታ ተሞላ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በደህና አለፉ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ነበር። የቀሩኝ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ሞተር ሳይክሌ ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ልብሴ ርሷል። አቶ አዴሎ እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ባለችው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ተቀበሉኝ። አበበች ክኒኑን ዋጠች። እኔ እስክሪብቶዬን አወጣሁና ቅጹን ከላይ ወደ ታች በካፊኖኖ ወረድኩት። ራስ ምታት? የለም። ማቅለሽለሽ? ትንሽ። ማዞር? ትንሽ። ሽንትሽ ጠቁሯል?

አበበች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። መሬት መሬት አየች። አቶ አዴሎ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ የለም ማለቷ ነው። “የለም” ላይ ምልክት አደረግኩ።

ስነሳ ልትሸኘኝ ተነሳች። ከበሩ ወጥታ ሁለት ሦስት እርምጃ ተከተለችኝ። ዘወር ብዬ “ተይ፣ ዝናብ ነው፣ ግቢ” አልኳት። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆመች። አንድ ነገር የምትል መሰለኝ። ሞተሬን አስነሳሁ።

በአምስተኛው ቀንም ያው ነው የሆነው። ያው ቤት፣ ያው በርጩማ፣ ያው ጥያቄ፣ ያው ዝናብ። እንደገና ተነሳች፤ እንደገና መለስኳት። ቀለል ያለ ድካም እንዳላት ጽፌያለሁ፤ ቅጹ ላይ ቦታ ስለነበረው።

በስድስተኛው ቀን ስደርስ ጎረቤት ተሰብስቧል። አበበች ተኝታለች፤ ዓይኗ ቢጫ፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ ትንፋሿ ቁና ቁና ይላል። አንዲት ጎረቤቷ ወደ ጓሮ ወስዳኝ በቆርቆሮ ያለውን ሽንቷን አሳየችኝ። ሦስተኛው ብልቃጥ ነበር። “ሦስት ቀን ሆኖታል እኮ፤ ለእኔ ነግራኛለች” አለችኝ ሴትየዋ። “ለሐኪሙ ንገሪው ብያት ነበር። ሲወጣ እነግረዋለሁ አለችኝ።”

በቃሬዛ እስከ መንገዱ ተሸከሟት። አምቡላንስ መጣ፤ ሆስፒታል ገባች፤ ደም ተሰጣት፤ ኩላሊቷ ግን ሥራ አቁሞ ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። በሁለተኛው ቀን ሞተች። እሑድ ነበር፤ ባሏ ከሻይ ልማቱ ቤቱ መጥቶ ባዶ አልጋ አገኘ።

አጣሪ ቡድን ከአዲስ አበባ መጣ። በስብሰባ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ፤ የዞኑ አለቆቼ በአንድ በኩል፣ የጥናቱ ባለቤቶች በሌላ በኩል፣ ተቆጣጣሪውም ወረቀቱን ይዞ መሐል ላይ። “በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን የሽንት ቀለም ጠይቀሃል?” አሉኝ። “ጠይቄያለሁ” አልኩ። “ምን አለች?” “የለም አለች።” ቅጹን አዩት፤ ያው ነው። ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም፤ እኔም ሌላ መልስ አላዋጣሁም። በሪፖርቱ ላይ “ክትትሉ በተሟላ ሁኔታ ተካሂዷል” ተብሎ ተጻፈ። ሲወጡ አንድ በአንድ ጨበጡኝ። ተቆጣጣሪው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “ወረቀትህ አዳነህ” አለኝ። ለቤተሰቡ አስከሬን ሲሸኝ የተነገራቸው ሕመሙ እንደጸናባትና ምልክቱን ሳትናገር እንደቆየች ነው። ሳትናገር እንደቆየች! ይህን የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ፤ በጥሩ ካፊኖኖ።

በዚያው ሳምንት ሲስተር አስካለ ቤት ሄድኩ። ቦንጋ ውስጥ ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ግቢ ይኖሩ ነበር። ሰምተዋል። ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅጹን፣ አጣሪውን፣ መጨባበጡን። ሰሙኝና አንድ ነገር ጠየቁ።

“የት ሆነህ ጠየቅካት?”

“ቤት ውስጥ።”

“ማን ነበረ?”

“አማቷ።”

እኔ ሳልቀደም ልከላከል አልኩና፣ “አጣሪዎቹ ይህን አልጠየቁኝም እኮ ሲስተር፣ ቢጠይቁኝ እናገር ነበር” አልኳቸው።

“እንዴት ትነግራቸዋለህ?” አሉኝ። “አንተንም ቤት ውስጥ ነው የጠየቁህ፤ አለቆችህ ተቀምጠው።”

ከዚያ ተነሱ። ሲሸኙኝ አጥራቸው ጋ ቆሙ፤ እንደ ድሮው ለበሽተኛ እንደሚያደርጉት ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። “ለአማቷ ለሽማግሌው ሄደህ ንገራቸው” አሉኝ። “ሰዎቹ ልጅቷ ደብቃ ሞተች ብለው እንዳይቀሩ። እንዳልደበቀች ንገራቸው።” እሺ አልኳቸው። ብልቃጦቹንም እሺ ብያቸው ነበር።

አልሄድኩም። መጀመሪያ ሐዘኑ ይብረድላቸው አልኩ፤ ቀጥሎ ዝናቡ ያባራ አልኩ፤ ከዚያ የማር ቆረጣ ነው፣ ሽማግሌው ጫካ ናቸው አልኩ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። ሰበብ ሲፈለግ አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ ስፈልግ ጎበዝ ነኝ። ሲስተር በአንድ ክረምት ታመው አረፉ። ታመው ሳሉ ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሌላ ሌላ ነገር አወራን። አልጠየቁኝም። ቤቱ ውስጥ ሰው ነበረ። ልሸኝህ ብለው እንዳይነሱ ደግሞ እግራቸው አልቻለም።

ጥናቱ ተጠናቀቀ። ከዓመታት በኋላ ለሥልጠና ተጠርተን አዳራሽ ተቀምጠን ሳለ አንድ አሠልጣኝ ውጤቱን በግድግዳው ላይ አሳየን። የሰባት ቀኑ ከአሥራ አራት ቀኑ እኩል ይሠራል ይላል። ከታች በትናንሽ ፊደል “አንድ ከባድ የጎንዮሽ ክስተት” የሚል አለ። እሱም ወዲያው አለፈ፤ የሚቀጥለው ሥዕል መጣ። አበበች ያቺ ናት። ቅጹ ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ነው የነበራት፤ እዚህ ደግሞ ቁጥሯም ቀርቶ አንድ ሆነች። እጄን አነሳለሁ አልኩ፤ አላነሳሁም። የሻይ ሰዓት ሲሆን ከሁሉም ጋር ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ፤ ከብርጭቆው በላይ ዓይኔን ማንሳት አልቻልኩም።

መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት ነው። ይህን ሳልል ብቀር ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ዛሬ ብዙ ሰው ሳያገረሽበት ይድናል፤ የደም ምርመራውም ከድሮው ተሻሽሎ ሴቶቹንም ይለያል። የሚያመኝ ሌላ ነው። ውጤቱን ተመልሰን እንነግራችኋለን ብለን አሻራ ያስደረግናቸው ሰዎች ዘንድ ማንም አልተመለሰም። መኪናዎቹ ሌላ ጥናት ይዘው ወደ ሌላ ዞን ሄዱ። ዛሬ ወጣቶቹ ቅጽ የሚሞሉት በታብሌት ነው። ሁሉም ጥያቄ ካልተመለሰ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ባዶ ቦታ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ኃላፊያችን በዚህ በጣም ይኮራል።

ከሽኝቴ በኋላ ባለው ሳምንት በባጃጅ መናኸሪያ ሄድኩና በሚኒባስ ወረድኩ፤ የቀረውን በእግሬ። ጡረተኛ ሰበብ ያጥረዋል። መሳቢያዬን ሳጸዳ ያገኘኋቸው ሦስቱ ብልቃጦች ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ሻዩ ደርቆ ሦስቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆነዋል። ለምን እንደያዝኳቸው አላውቅም።

አቶ አዴሎ አርጅተዋል። ሌላዋ ምራታቸው፣ ልጃቸው በኋላ ያገባት፣ በር ላይ ተቀበለችኝ። ማን እንደሆንኩና ከጤና እንደመጣሁ ስናገር ሽማግሌው ተነሱ። እጅ ነሱኝ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ በትራቸውን ይዘው ወጡ። ካፊያ ነበር። ፊቴ በእፍረት ነደደ፤ እንደሚጠሉኝ ገባኝ፤ ይገባኛልም አልኩ።

ምራታቸው ቆጮና አይብ አቀረበችልኝ። “አይቀየሙ” አለችኝ። “ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። የጤና ሰው ሲመጣ ይወጣሉ። የጤና ኤክስቴንሽኗም ስትመጣ ይወጣሉ፤ እስክትሄድ እንሰቱ ውስጥ ይቆማሉ። ያቺን በርጩማም በሩ ጋ አይቀመጡባትም፤ ጓዳ ናት። ምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አልነገሩኝም።”

ቆጮውን ቀመስኩ። አመስግኜ ተነሳሁ። ምራታቸው ልትሸኘኝ ስትል ከአጥሩ አጠገብ አቶ አዴሎ በካፊያው ውስጥ ቆመው ይጠብቁኛል። በእጃቸው ምልክት ሰጧትና ተመለሰች። ሁለታችን ብቻችንን ሆንን።

“ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉኝ። “ያን ቀን እኔ ከቤት ወጥቼ ቢሆን ትነግርህ ነበር?”

አይ፣ አትነግረኝም ነበር ልላቸው ፈለግኩ። አንዲት ቃል ናት፤ ሽማግሌውን ታሳርፋቸው ነበር። እኔንም።

“ትነግረኝ ነበር” አልኳቸው። “ግን መውጣት የነበረብዎት እርስዎ አይደሉም። እሷን ይዞ መውጣት የእኔ ሥራ ነበር። ተምሬዋለሁ፤ ከሚያውቅ ሰው ተምሬዋለሁ። እሷ አልደበቀችም። ልትነግረኝ ልትሸኘኝ ተነስታ ነበር። ዝናብ ነው ብዬ መለስኳት።”

“ተነስታ ነበር?”

“ሁለት ቀን።”

አቶ አዴሎ አጥሩን ያዙ።

“እኔን አፍራ ሞተች ብዬ ነው የኖርኩት” አሉ ቀስ ብለው። “የልጄን ሚስት አፌን ሳልከፍት ገደልኳት ብዬ። አንተ ይህን ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ያኔውኑ?”

“ያኔውኑ።”

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። በትራቸውን ያነሳሉ ብዬም ጠበቅኩ፤ ቢያነሱ ደስ ይለኝ ነበር። አቶ አዴሎ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በዚያ አገር እንግዳን፣ ጠላትም ቢሆን፣ እስከ መንገዱ ሳይሸኙ መመለስ የለም። እኔ በተወለድኩበት አገር ሳይሸኙኝ የቀሩ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ቆሜ አየኋቸው። ወደ ጓዳ ገቡ፤ በርጩማዋን ይዘው ወጡ፤ በሩ አጠገብ አስቀመጧትና ተቀመጡባት።